በግራዋ በኩል

ሰኞ

ዛሬም «ልምድ?» ተባልኩ። የሆስፒታሉ አስተዳደር ሰውዬ ወረቀቴን እንኳ አልገለጠም። «የሙያ ፈቃዴ ገና ባለፈው ሳምንት ነው የወጣው» አልኩት። «እንኳን ደስ ያለሽ። ልምድ ስታገኚ ተመለሺ።» «ካልቀጠራችሁኝ ልምዱን ከየት ላምጣ?» ስለው ጣሪያ ጣሪያውን አየ፤ ከልቡ ያሰበበት መስሎኝ ነበር። ከዚያ በአገጩ በሩን አሳየኝና «ቀጣይ!» አለ።

ቀጭኔ ውጭ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። እሷንም ከእኔ በፊት እንዲሁ አሰናብቷታል። «አንቺስ ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ፣ «እኔንማ ‹አምፖል የሚቀይር ሰው ስንፈልግ እንጠራሻለን› አለኝ።» እየሳቅን ወረድን። ሳቁ አስፋልቱን እንኳ አላሻገረንም።

አብረን ስንሄድ ሰው ዞሮ ያየናል። እሷን ቀጭኔ፣ እኔን ድንቢጥ ያሉን ገና ትምህርት ቤት ሳለን ነው። እኔ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነኝ። በልጅነቷ ማጅራት ገትር ታማ የግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ከእናቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከግራ የሚጠራት ሰው ካለ በክርኔ ጎሸም አደርጋታለሁ፣ እሷም እንደሰማ ሰው ዞር ትላለች። ትምህርቱን የጨረስነው እንዲህ ነው። «ለሰሚው ግራ የሚባለው እኔ ነኝ» ትላለች ስትቀልድ።

ረቡዕ

እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የምተኛው። ግድግዳው ስስ ነው። «ነርስ ናት እያልሽ ለሰው ሁሉ አወራሽ፤ ታዲያ የምታክመው ሶፋዬን ነው?» አለ ባሏ። እህቴ ሳቀች። ዝም ብትል እንኳ ይሻለኝ ነበር።

የሰው ፊት እሳት ነው። ጠዋት ግን «ደህና አደሩ ጋሼ» ብዬ ጫማውን ወለወልኩለት። ማንም አላዘዘኝም።

እማዬ ደወለች። አሁን «ሲስተርዬ» ነው የምትለኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ ሥራ እንደገባሁ ነግራለች። «ውሸት አይደለም፣ ቀደም አደረግሁት እንጂ» አለችኝ።

ዓርብ

ተጠራን! ሁለታችንም! የግል ሆስፒታል ነው፣ ባለ ሦስት ፎቅ፣ ኮሪደሩ ሁሉ የበረኪና ሽታ። ዋና ነርሷ አጭር ናት፣ እንደኔ፤ ግን ስትቆም ትረዝማለች። ከእግር እስከ ራስ ካየችን በኋላ፣

«ጓደኛሞች ናችሁ?» አለች።

«አዎ፣ ሲስተር» አልን እኩል።

«መጥፎ ነው። ያለኝ ቦታ አንድ ነው። ሁለታችሁም ለሙከራ ትገባላችሁ፣ ያለ ደመወዝ። አንዷን አስቀራለሁ።»

ደግሞ «የቀኙ ረድፍ አልጋ ያንቺ፣ የግራው የሷ። እያንዳንድሽ የራስሽን በሽተኛ ጠብቂ። በሌላዋ አልጋ የምትገባ ካየሁ ሁለታችሁንም ነው የማባርረው፤ ማን ምን እንደሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች።

ስንወጣ ቀጭኔ እጄን ጨበጠችኝ። «ማናችንም ብንገባ ለሁለታችንም ነው፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። የምሬን ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ቀኑ ከፋብኝ። በእኔ ረድፍ ካሉት ሴትዮ የደም ሥር ማግኘት አቃተኝ። ደግሜ ወጋሁ፣ ሳትኩ። ሴትዮዋ «ልጄ፣ እኔ ጨርቅ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። ዋና ነርሷ ከኋላዬ ቆማ ታይ ኖሯል። አልተቆጣችም። ቀጭኔን ጠራቻትና «ነይ አሳያት» አለች። ቀጭኔ ክንዳቸውን ዳሰሰች፣ ዓይኗን ጨፍና እንደምትጸልይ ሁሉ፣ አንዴ ወጋች። ደሙ መጣ።

«አየሽ?» አለችኝ ዋና ነርሷ። «አንቺ እጅሽ ይፈራል።»

በሌላዋ አልጋ መግባት ክልክል ነው ያለችው ራሷ አልነበረችም?

ቀጭኔ ስንወጣ «ሴትዮዋ ውሃ ስላልጠጡ ነው እንጂ ማንም ይስታል» አለችኝ። ስታጽናናኝ የባሰ እንደምበሳጭ ማንም አልነገራትም።

ሐሙስ

ፋታ የለም። በግራው ረድፍ፣ በቀጭኔ በኩል፣ አንድ ሽማግሌ ገብተዋል። ጡረታ የወጡ አናጢ። ሳንባቸው ነው። አልጋቸውን ነቅነቅ አድርገው «ይሄን የሠራው ሰው ሚስማር ይቆጥብ ነበር» ብለው ክፍሉን አሳቁት። ቀጭኔን ወደዷት። «ረጅሟ ልጄ» ይሏታል። እኔን «አጭሯ» ብቻ።

ቅዳሜ፣ ማታ

ዛሬ ሐኪሙ ሲዞር ከቀጭኔ በስተቀኝ ቆምኩ። ቦታ ስላልነበረ ነው። ሐኪሙ ከግራዋ ሆኖ የአናጢውን መድኃኒት እንድትቀይር አዘዘ። አልሰማችም፤ ፈገግ ብላ ወረቀት ወረቀቱን ታያለች። ደገመው። አልሰማችም። «ይህቺ ልጅ ቆማ ነው የምትተኛው?» ሲል ሁሉም ሳቁ። ዋና ነርሷ አልሳቀችም፤ አየቻት ብቻ።

መንገድ ላይ ቀጭኔ «ዛሬ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«እዚያው።»

«አላገኘሁሽም እኮ።»

«በቀኝሽ ነበርኩ። የመድኃኒት ጋሪው መንገድ ዘግቶ ነው።»

«አሃ፣ ጋሪው» አለች። ከዚያ ስለሌላ ነገር አወራች፤ እናቷ መድኃኒት ላይ እንዳሉ፣ ቤት ኪራዩን የምትከፍለው እሷ እንደምትሆን። እኔስ? እኔስ ሶፋ ላይ አይደለሁም? ለሷ የሚታዘንላት ብዙ ነገር አለ። ሰው ስለ እኔ እንዲያዝን ግን አንድ ነገር ሊጎድለኝ ይገባል መሰለኝ። ሁለት ጆሮ አለኝ፣ በቃ።

ዕድሜዬን ሙሉ በግራዋ ልቆም አልችልም። ይሄን ማሰብ ኃጢአት ነው?

ሰኞ

የእህቴ ባል በሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ሲያወራ፣ «በነፃ ነው የምትሠራው። በነፃማ እኔም ሐኪም ነኝ።»

ዋና ነርሷ ዛሬ ለጽዳት ሠራተኛዋ ስትነግር ሰማሁ። «ረጅሟ እጇ ወርቅ ነው። አጭሯ ደግሞ ትጉህ ናት። ወርቅና ትጋት ቢመዘን የቱ ይከብዳል?» ሠራተኛዋ «እኔ ምን አውቅልሽ፣ ሁለቱም ወለሉን ያቆሽሹብኛል» አለቻት።

ወርቅ።

ሐሙስ

አናጢው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቀጭኔ ታለቅሳለች። ሐኪሙ ይጮኻል። እኔ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ። ጓንት ላመጣ ሄጄ።

ሐሙስ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። የሆነው እንዲህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀጭኔ መስኮቱ ጥግ የተኛውን ወጣት ቁስል ታጥባለች፣ ግራዋን ለአናጢው አልጋ ሰጥታ። ወጣቱ ያቃስታል። የቀሩት ተኝተዋል። አናጢው ሽንታቸው መጣ። መጀመሪያ «ልጄ» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንደሚያፍር ሰው። ቀጥለው «ልጄ፣ እባክሽ» አሉ። ሦስተኛው ላይ እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ነበር፤ የሚያዩት ደግሞ ወደ ቀጭኔ አልነበረም።

አልጋው የኔ ረድፍ አይደለም። በሌላዋ አልጋ የገባች ትባረራለች ተብሏል፤ የተባለው ደግሞ ለሁለታችንም ነው፣ ማለትም ብገባ ኖሮ እሷንም ነበር የማስባርራት። ደግሞ ትዞራለች ብዬ ነበር። ማንም ሰው አሁን ትዞራለች ብሎ ያስባል። አንድ ክንድ እንኳ አይርቃትም።

የወደቁበት ድምፅ እንደ እህል ጆንያ ነው። ኡኡታም አልነበረውም።

እኔ ጓንት ላመጣ ሄጄ ነበር። ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ።

ዓርብ

ዋና ነርሷ ቢሮዋ ጠራችኝ። በሩን ዘጋች። ተቀመጪ አላለችኝም።

«ሽማግሌው ጠርተው ነበር?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«አንዴ?»

«ደጋግመው።»

«እሷ ቅርብ ነበረች?»

«አጠገባቸው።»

«ታዲያ ለምን አልዞረችም? ንቃቸው ነው?»

ንቀትማ እንዳይመስላት ብዬ ነው። ስሟን ላድን ብዬ ነው። «ኧረ አይደለም፣ ሲስተር፣ እሷ ሰው አትንቅም። በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ ነው» አልኩ።

ዋና ነርሷ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከትምህርት ቤት።»

«ጥሩ ጓደኛ ነሽ» አለች። ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።

የጠየቀችኝን መለስኩ እንጂ ሄጄ አልነገርኳትም። ልዩነት አለው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ግን ስትጠየቂስ?

ቅዳሜ

መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

ዋና ነርሷ ቀጭኔን ኮሪደሩ መሀል አቆመቻት። ነርሶቹ አሉ፣ የላቦራቶሪው ልጅ አለ፣ ጽዳቷ መጥረጊያዋን ተደግፋለች፣ ምርመራ የሚጠብቁ ሰዎችም ወንበር ላይ አሉ። «ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ። የቀኝ ጆሮሽን በጣትሽ ድፈኚ። ስጠራሽ እጅሽን ታነሻለሽ» አለቻት።

ቀጭኔ ዞረች። ድፍን አደረገች፤ ማጭበርበር እንኳ አላሰበችም። ዋና ነርሷ በግራዋ ሆና ጠራቻት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደግሞ ጠራቻት። ከዚያ እጇን አጨበጨበች። የላቦራቶሪው ልጅ መሳቅ ጀመረ፤ አንዲት በሽተኛ «ኧረ ተዪአት፣ የእግዜር ፍጥረት ናት» አለች።

ቀጭኔ ግድግዳውን እያየች፣ በትሕትና፣ እንደ ጥሩ ተማሪ፣ «ሲስተር፣ ጀመርን?» አለች።

እኔ ከሊፍቱ አጠገብ ነበርኩ። ስትዞር መጀመሪያ የፈለገችው እኔን ነው። አየችኝ። ጋሪ እየገፋሁ ነበር፣ ጋሪ እየገፉ ደግሞ መቆም አይቻልም።

ጋውኗን አውልቃ አጣጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። አናጢውን ልሰናበታቸው ብላ ለመነች፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ናቸው ተባለች።

ሰኞ

ተቀጠርኩ።

ማታ የእህቴ ባል ተነስቶ ጨበጠኝ። «አሁን ሰው ሆንሽ» አለ። እህቴ አለቀሰች። እማዬ ስልኩ ላይ እልል ስትል ጎረቤቶቿም ሲቀበሏት ሰማሁ። «ጓደኛሽስ? ያቺ ረጅሟ?» አለችኝ። «አልቀናትም» አልኳት። «አይ፣ ምስኪን! አይዞሽ በያት» አለች።

ደስ ብሎኛል። ደስ ሊለኝም ይገባል። የሙያ ፈቃዴን ያመጣሁት በላቤ ነው።

ማክሰኞ፣ ማታ

ዋና ነርሷ ውሉን ካስፈረመችኝ በኋላ «ቆዪ» አለችኝ።

«ሽማግሌውን ዛሬ አነጋገርኳቸው። ረጅሟ አልሰማችም አሉኝ። ‹አጭሯ ግን በሩ ላይ ነበረች፣ ትሪ ይዛ። ዓይን ለዓይን ተያየን› አሉኝ።»

ትኩሳት ነበራቸው፣ ሰው ተምታቶባቸው ነው ልል አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ።

«አትድከሚ። ‹ደጋግመው ጠሩ› ያልሽኝ ዕለት ነው የገባኝ። ግምጃ ቤቱ ሌላ ፎቅ ላይ ነው።»

መስኮቱ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እሷ ምንም አልቸኮለችም፤ የፈረምኩትን ወረቀት ማኅተም አደረገችበት።

«ያቺ ልጅ አንድ ጆሮ የላትም። አንቺ ሁለቱንም ይዘሽ ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽ። የቱ ይብሳል?»

«ታዲያ ለምን ቀጠሩኝ፣ ሲስተር?» አልኩ። ድምፄ የሕፃን ነበር።

«የሽማግሌው ልጆች ከከሰሱ ‹ጥፋተኛዋን አባረናታል› እላለሁ፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። አንቺ ደግሞ ከእንግዲህ የማዝሽን ሁሉ ትሠሪያለሽ። ሌላ ነርስ ስትታመም አንቺ ትገቢያለሽ። ስህተት ሲገኝ ‹እኔ አይደለሁም› አትዪም። እንዲህ ዓይነት ሠራተኛ በማስታወቂያ አይገኝም።» ውሉን ሰጠችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ።»

ለማንም አልናገርም ብላለች። ክፉ ሰው አይደለችም ማለት ነው። ክፉ ብትሆን ትናገር ነበር።

ሐሙስ

ሁለቱም ረድፍ የኔ ሆኗል። አናጢው ከኦፕራሲዮን ተመልሰዋል። ስገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። አይጠሩኝም። ደወሉን እጃቸው ላይ ባስቀምጥላቸው መልሰው ያስቀምጡታል። ዛሬ አልጋቸው ረጥቦ አገኘሁት፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ሆነው ኖረዋል። «አባባ፣ ለምን አልጠሩኝም?» አልኳቸው። አንሶላውን ስቀይር ጣሪያውን ያያሉ።

«መጥራትማ ጠርቼ አይቻለሁ» አሉ።

ክፍሉ ሁሉ ሰማ። አዲስ የገባችው በሽተኛ «ምን አድርጋቸው ነው?» አለች። ዕድሜያቸው ነው አልኳት።

እሑድ

ሌላዋ ነርስ ታመመች ተብዬ ገባሁ። እግሬ አብጧል። ትናንትም ገብቼ ነበር።

አናጢው ሳንባቸው እየባሰባቸው ነው። መተኛት ብቻውን ሳንባን ይገድላል፤ ተምረነዋል። ዳሌያቸውን ማንቀሳቀስ ቢችሉ ኖሮ… ተምረነዋል፣ በቃ።

«ረጅሟ ትመጣለች?» ይሉኛል፣ እኔን ሳያዩ። በየቀኑ። «ዕረፍት ላይ ናት» እላቸዋለሁ።

ረቡዕ

አናጢው አረፉ። ከቀትር በኋላ፣ ልጆቻቸው መንገድ ላይ ሳሉ። ከአጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

በመጨረሻ እጄን ያዙኝ። የአናጢ እጅ ነው፣ ጣቱ ሁሉ ሻካራ። ይቅር አሉኝ ብዬ ልቤ ዘለለ። ግን ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «ለዚያች ልጅ ንገሪያት» አሉኝ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ብለዋል በያት። እንዳትጨነቅ። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ፣ አባባ።»

«ማይልኝ።»

ማልኩላቸው። ከዚያ እጄን ለቀቁት።

ልጆቻቸው ሲመጡ አመሰገኑኝ። «እስከ መጨረሻው ከጎናቸው አልተለየሽም አሉን» ብላ ትልቋ ልጃቸው አቅፋኝ አለቀሰች። ዋና ነርሷ ከበሩ ሆና ታየን ነበር።

እሑድ

ቀጭኔ መጣች። የእህቴ ባል «ሲስተር፣ እንግዳ መጥቶልሻል!» ብሎ ጠራኝ። አሁን እሱም ሲስተር ነው የሚለኝ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ከስታለች፤ አንገቷ የባሰ ረዝሟል።

ልብስ ስፌት ቤት ገብታለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። «መኪናዎቹ ሲጮሁ እዚያ ያለው ሁሉ ደንቆሮ ነው፤ እኩል ሆንን» አለች። እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም።

«ማን እንደነገራት ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል» አለች።

«እንጃ።»

«ራሴ ነኝ መሰለኝ። ሐኪሙ የዞረ ዕለት ሳይታይብኝ አልቀረም።» ጣቶቿን እያየች ነው የምታወራው። መርፌ የወጋቸው ጣቶች ናቸው። «የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንቺ ያን ጊዜ ግምጃ ቤት ባትሄጂ ኖሮ ትሰሚያቸው ነበር። አይደል?»

«ምናልባት» አልኩ።

«ትሰሚ ነበር። አንቺን አውቅሻለሁ።»

ውሃ ላመጣላት ተነሳሁ። ከወጥ ቤት ስመለስ እንደተቀመጠች ነበረች።

«አናጢው እንዴት ሆኑ? ሄጄ ልጠይቃቸው እያልኩ ዘበኛው እንዳያስገባኝ ፈርቼ ነው።»

«አረፉ። ረቡዕ ዕለት።»

ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። እህቴ ብቅ ብላ አየችንና ተመለሰች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች።

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነበር ይሆናል። እሷ ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ? ሰድበውኝም ቢሆን ንገሪኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«የለም።»

«ምንም?»

«ምንም። መጨረሻ ላይ ራሳቸውን አያውቁም ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፣ እንደ ገባው ሰው። ውሃውን ሳትጠጣው አስቀመጠችና «ሥራሽ ግን ተመችቶሻል?» አለችኝ። ተመችቶኛል አልኳት። «እንኳን አንቺ ገባሽ» ብላ ሳመችኝ። የምሯን ነው፤ እሷ ሌላ አታውቅም።

እስከ መንገዱ ሸኘኋት። የአናጢውን ቃል ብነግራት የሞተ አይነሳ፣ የተባረረ አይመለስ፤ ደግሞ «መቼ አሉ? ለምን እንዲህ አሉ?» ማለቷ አይቀርም። ብትሰማው ምን ይጠቅማታል?